ስልክ ላይ የሚቆነጠጠው ማክሮ ሌንስ ለተራራ አበባ፦ ከሁለት የአበባ ወቅት በኋላ ያለኝ ሪቪው

ይሄን ሪቪው ሳልጽፍ ሁለት የአበባ ወቅት አለፈ። ስንፍና ብቻ አይደለም (እሱም አለበት)፣ በመጀመሪያው ቀን ተራራው ላይ ሆኜ ብጽፈው ኖሮ አምስት ኮከብ ሰጥቼ ግዙ ግዙ ስል ነበር የምገኘው፣ በዛው ቀን ማታ ብጽፈው ደግሞ አንድ ኮከብ ሰጥቼ እቃውን ስራገም ታገኙኝ ነበር፣ አሁን ሁለቱም በረድ ብሎልኛል። እቃው ስልክ ካሜራ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ በክሊፕ የሚያያዝ ባለ 10ኤክስ (አሥር እጥፍ የሚያጎላ) ማክሮ ሌንስ ነው፣ ማለትም ትንሽን ነገር በጣም ከቅርብ ለማንሳት የሚያገለግል። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ አንዱ ሌላውን የሚመስል እቃ ስለሆነ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ እኔም ቅሬታዬን ሳልሳቀቅ ልናገር።

የገዛሁት ለአንድ ነገር ነው። ተራራ ስወጣ መንገድ ዳር የማያቸውን የዱር አበቦች ፎቶ አንስቼ ስማቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ በቃ። ከዛ በፊት በባዶ ስልክ ሳነሳ ቀረብ ካልኩ ፎከስ አልይዝ ይላል፣ ራቅ ብዬ ዙም ሳደርግ ደግሞ ከኋላ ያለው ሳር ጥርት ብሎ አበባዋ ቢጫ ነጥብ ሆና ትቀራለች። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ በዚህ ዓይነት ነጥብ የተሞላ አልበም ይኖራችኋል ብዬ እገምታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰርግና ምላሽ ነበር። ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ቢጫ አበባ አጠገብ ተንበርክኬ ሌንሱን ሳስጠጋው አንዲት አበባ ናት ብዬ የማስባት ነገር ስክሪኑ ላይ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሆና ቁጭ። የሱፍ አበባ ዘመዶች እንደዚህ ናቸው ለካ፣ ዳር ዳሩን የተደረደረው እያንዳንዱ ቢጫ «ቅጠል» ራሱን የቻለ አበባ ነው፣ መሃል ላይ የታጨቁት ትናንሽ ቱቦዎችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ጫፍ ላይ ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቆ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ የአበባ ዱቄት የተቀባ ነገር ብቅ ብሏል። ጮህኩ። ጓደኛዬ ቀድሞኝ ሄዶ ስለነበር እየሮጠ ተመልሶ «ምን ነካሽ? እባብ ነው እንዴ?» አለኝ። ስክሪኑን ሳሳየው ለሦስት ሰከንድ አይቶ «አሪፍ ነው፣ እንሂድ» ብሎ ሄደ፣ እኔ ግን የዛን ቀን አልሄድኩም ማለት ይቻላል፣ 140 ፎቶ አንስቼ የመንገዱን ግማሽ እንኳን ሳልጨርስ መሸ።

ማታ ቤት ገብቼ አይናቹራሊስት ላይ አፕሎድ ማድረግ ጀመርኩ። ለማታውቁት፣ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ አፕና ድረ ገጽ ነው፣ አሜሪካ ያለው የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማስተርስ ፕሮጀክት ሆኖ የተጀመረና አሁን ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሆነ ነው፣ ፎቶ ትሰጡታላችሁ፣ ማሽኑ ይገምታል፣ ከዛ እውነተኛ ሰዎች መጥተው ያርሙታል ወይም ይስማማሉ። ያቺን የጮህኩባትን አበባ ስሰጠው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «የሱፍ አበባ ቤተሰብ»። ከዛ ጸጥ። ይሄ ቤተሰብ ከ30,000 በላይ ዝርያ ያለው ነው እኮ! የጠፋ ሰው ፈልጉልኝ ብላችሁ «ሰው መሆኑን አረጋግጠናል» እንደመባል ነው። ከ140ው ፎቶ ስም ያገኘሁት አራት ተክል ብቻ፣ እነሱም ሌንሱን ሳላደርግ በችኮላ ያነሳኋቸው ነበሩ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ አንድ ኮከብ የምሰጠው ያን ጊዜ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ከፎቶዋ ስር «ግሩም ፎቶ ነው። የአበባው ጀርባ ይኖርዎታል? ቅጠሉስ?» ብሎ ጻፈልኝ። የለኝም። 30 ምናምን ፎቶ የአንዷን አበባ እምብርት ከላይ ብቻ አንስቼ ጀርባዋን አንድም ቀን ገልበጥ አድርጌ አላየሁም፣ ቅጠሏ ረጅም ይሁን ክብ፣ ከስር ይሰብሰብ ግንዷ ላይ ይውጣ፣ ብትገርፉኝ አላስታውስም። ለካ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ አይደለም፣ ከስር አበባውን እንደ ስኒ አቅፈው የያዙት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፣ በስንት ረድፍ እንደተደረደሩ፣ ወደ ውጭ ይታጠፉ አይታጠፉ፣ ጸጉር አላቸው የላቸውም፣ ጠርዛቸው ጥቁር ነው ወይስ አይደለም። ሌንሱ ይሄን ሁሉ ጥርት አድርጎ ማሳየት ይችል ነበር፣ እኔ ነኝ የሚያምረው ላይ ተለጥፌ የቀረሁት።

ስለዚህ የዚህ እቃ ትልቁ ችግር ካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ነው፣ ሰውን ያማልላል። አንዴ ካደረጋችሁት ሌላ ነገር ማንሳት አያምራችሁም፣ አበባው መሃል ገብታችሁ ተክሉን ትረሱታላችሁ። አሁን የማደርገው ሌንሱን ኪሴ ውስጥ አድርጌ መጀመሪያ ቆሜ ተክሉን በሙሉ ከነቆመበት ቦታ አነሳለሁ፣ ድንጋይ መሃል ነው ረግረግ ላይ ነው ዛፍ ጥላ ስር ነው የሚለው ራሱ ግማሽ መልስ ነው። ከዛ ወረድ ብዬ ቅጠሉ ግንዱ ላይ የተያያዘበትን ቦታ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ናቸው ወይስ አንዱ እዚህ አንዱ እዛ ወይስ ሁሉም መሬቱ ላይ እንደ ሰሃን ተዘርግተዋል፣ ከዛ አበባውን ከጎን፣ ከዛ ሳልቆርጠው በሁለት ጣት ዘንበል አድርጌ ጀርባውን፣ ጣቴ ፎቶው ውስጥ መግባቱም ጥሩ ነው መጠኑ ይታወቃል። የደረቀ አበባ ወይም ፍሬ አጠገቡ ካለ እሱንም፣ ማንም የማያነሳው ያ የጠወለገው ነገር አንዳንዴ ከአበባው በላይ ያወራል። ማክሮው የመጨረሻው ነው። ሁሉም አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ጓደኛዬ እንኳን ለምዶት አሁን «ጀርባውን አንስተሻል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

በነገራችን ላይ ግንዱን መንካት አትርሱ። አበባው ከንፈር ያለው አፍ መስሎ ግንዱ በጣት ሲሽከረከር አራት ማዕዘን ከሆነና ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ከሆኑ የበሶብላና የናና ዘመድ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ይሄን የትኛውም ሌንስ አይነግራችሁም።

እሺ ወደ እቃው። መስታወቱ እውነተኛ መስታወት ነው፣ መሃሉ ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ዋጋው ከሚያስጠብቀው በላይ። ዳር ዳሩ ግን ይደበዝዛል፣ ነጭ አበባ ስታነሱ ደግሞ ጠርዙ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ለኔ ችግር አይደለም ምክንያቱም የምፈልገውን ነገር መሃል አድርጌ ዳሩን እቆርጠዋለሁ። ካርቶኑ ላይ «4ኬ ኤችዲ» ብለው መጻፋቸው ግን አስቆኛል፣ ሌንስ ፒክስል የለውም እኮ፣ መነጽር 4ኬ ነው እንደማለት ነው።

10ኤክስ የሚለው ቁጥር ግን ትርጉም አለው፣ ዓይን ከቅርብ በምቾት የሚያይበት ርቀት 250 ሚሊ ሜትር ነው ተብሎ ይወሰዳል፣ እሱን ለ10 ስታካፍሉት 25 ይመጣል፣ ማለትም ሌንሱ ከአበባው ወደ 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፣ ከዛ ራቅ ካላችሁ ጭጋግ ነው። ትልቅ ቁጥር የተሻለ እየመሰላችሁ 20ኤክስ ከገዛችሁ ይሄ ርቀት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ያኔ ስልኩ ራሱ አበባው ላይ ጥላ ይጥላል፣ ነፍሳት ካሉ ይበራሉ፣ ሳሩ ሌንሱን ይነካዋል። ለመንገድ ላይ ሥራ 10ኤክስ ራሱ ብዙ ነው፣ እኔ አሁን ብገዛ 5ኤክስ ነበር የምገዛው።

ሁለት ሦስት ካሜራ ያለው ስልክ ላላችሁ ይሄን ስሙኝ። ሌንሱን ዋናው ካሜራ ላይ አድርጋችሁ ወደ አበባው ስትጠጉ ስልኩ «አሃ ቀረበች» ብሎ በራሱ ወደ ሰፊው ካሜራ ይቀይራል፣ እሱ ደግሞ ሌንስ አልተደረገበትም፣ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የክሊፑን ፕላስቲክ ታያላችሁ ወይም ግማሹ ይጠቁራል። እኔ እቃው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በራሱ ካሜራ የሚቀይረውን ነገር ማጥፋት ነው፣ ያ ከሌለው ካሜራውን በእጅ የሚያስመርጥ ሌላ የካሜራ አፕ ተጠቀሙ። የስልኩን ከቨርም ማውለቅ አለባችሁ፣ ወፍራም ከሆነ ሌንሱ ይንጋደዳል።

ክሊፑ ደግሞ... ክሊፑ ያናድዳል። ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው ግን ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ በተለይ እጃችሁ ላብ ካለው ወይም ጤዛ ከነካው። አንዴ ቁልቁለት ላይ ተፈናጥሮ ድንጋይ ለድንጋይ እየነጠረ ሲወርድ ቆሜ አየሁት፣ ጓደኛዬ ወርዶ አመጣው፣ መስታወቱ ምንም አልሆነም ጠርዙ ግን ተፈነከተ። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ «በአግባቡ ይጠቀሙ» የሚል መልስ መጣ። እሺ። አሁን በቀጭን ገመድ አስሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ፎከሱን በተመለከተ፣ በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ የፊተኛው ጥርት ሲል የኋለኛው ይጠፋል፣ ትንፋሻችሁ ራሱ ያበላሸዋል። ስክሪኑን እየነካካችሁ ፎከስ ከምታሳድዱ ጣታችሁን ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉትና ሰውነታችሁን በጣም በዝግታ ወደፊት ወደኋላ አድርጉት፣ እየተወዛወዛችሁ በተከታታይ አስር ፎቶ አንሱ፣ አንዱ ይወጣል። ክርኔን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ ወይም ስልኩን ከመውጫ ዱላዬ ጋር አጣምሬ እይዘዋለሁ፣ ትራይፖድ የሚባለውን አልሸከምም ይቅርብኝ።

ነፋስ ግን ምንም አይደረግለትም። ተራራ ላይ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ስለዚህ ረፋድ ካለፈ በኋላ አበባው ሁሉ እስክስታ ነው። ጠዋት በጊዜ መውጣት ነው መፍትሄው ብዬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ፣ አየሩ ረጭ ያለ፣ ጤዛው እንደ ብርጭቆ፣ አበቦቹ... ተዘግተዋል። ብዙ የተራራ አበቦች ለካ ማታና ብርድ ላይ ይዘጋሉ፣ ጄንሺያን የሚባሉት ሰማያዊዎቹ ደመና ሲመጣም ይዘጋሉ። እና ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው፣ ፀሐይ ከነካቻቸው በኋላ ነፋሱ እስኪጀምር ያለችው ጊዜ ናት ወርቋ። ደመናማ ቀን ከሆነና አበባው ከተከፈተ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ ጥላ የለ ነጸብራቅ የለ። ፀሐይ ከበረታ ጓደኛዬ ነጭ ሻርፕ ይዞ ጥላ ይሠራልኛል (እያጉረመረመ)።

ቀለም ላይ ስልክን አትመኑት። ቢጫና ቀይ አበባ ይነድበታል፣ ዝርዝሩ ጠፍቶ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ አንሱ። ሰማያዊው ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ ይሄድብኛል፣ ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ቀለም እዛው ስልኩ ላይ እጽፋለሁ፣ ማታ ላይ «ሰማያዊ ነበር እንዴ?» እያልኩ ከራሴ ጋር እንዳልጣላ።

አሁን ደግሞ ለምን አራት ኮከብ እንደምሰጠው ልንገራችሁ ምክንያቱም እስካሁን ሳማርር ነው የቆየሁት። ትክክለኛው ፎቶ ከተነሳ በኋላ ሌንሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ መልሱን የሚዘጋው እሱ ነው። አንዲት ነጭ፣ አራት የአበባ ቅጠል ያላት፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋች ትንሽ አበባ ነበረች፣ በዓይን ምንም የማይለያት፣ ሌንሱን ሳደርግ ግን መሃሏ ላይ ስድስት ወንዴ ክሮች (የአበባ ዱቄት የሚይዙት)፣ አራቱ ረጅም ሁለቱ አጭር። ይሄ የጎመን ቤተሰብ ፊርማ ነው በሉት። ቆጥሬ ሳገኘው የተሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት አልችልም። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ አበቦችን 24 ምድብ ውስጥ ሲከፋፍል በዋናነት እነዚህን ወንዴዎች እየቆጠረ ነበር፣ አሁን ምድቡ ተቀይሯል፣ በ1753 (እ.ኤ.አ.) ካሳተመው መጽሐፍ የቀረልን ባለ ሁለት ቃል ስም አሰጣጡ ነው፣ ግን መቁጠሩ አሁንም ይሠራል፣ ደግሞ ሱስ ነው።

ሌላዋ ኦርኪድ ናት። በጣም ትንሽ፣ አረንጓዴ ከሳሩ የማትለይ፣ ቁጭ ብዬ ውሃ ስጠጣ ነው ያየኋት። በሌንሱ ከኋላ ሳያት አበባውን የያዘው ነገር እንደተጨመቀ ፎጣ ተጠማዟል። አብዛኞቹ ኦርኪዶች እንቡጥ እያሉ 180 ዲግሪ ይዞራሉ፣ ከንፈር የሚባለው ትልቁ የአበባ ቅጠል ወደ ታች መጥቶ ለነፍሳት ማረፊያ እንዲሆን፣ ማለትም የምናየው አበባ ተገልብጦ ነው። አንብቤው ነበር፣ ግን መጠማዘዙን በዓይኔ ስክሪን ላይ ሳየው ሌላ ነው። እሷን ስታነሱ ግን ቦታዋን በግልጽ አትለጥፉ፣ ኦርኪድ የሚነቅሉ ሌቦች አሉ። አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ቦታ በራሱ ያደበዝዛል፣ ሌሎቹን እናንተ ራሳችሁ መደበቅ ትችላላችሁ፣ ፎቶውን ሌላ ቦታ ስታጋሩት ግን ጂፒኤሱ አብሮት እንዳይሄድ አጥፉት።

አፖቹን አንድ ላይ ልበላቸውና ልለፍ። ሲክ የሚባለው የእነዚሁ የአይናቹራሊስት ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ስልኩ ላይ ስለሚሠራ ተራራ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱ ነው የሚያገለግለው፣ እርግጠኛ ካልሆነ ቤተሰቡ ወይም ወገኑ ላይ ይቆማል፣ ይሄን ልማዱን እወድለታለሁ። ፕላንትኔት የፈረንሳይ የምርምር ተቋማት የሠሩት ነው፣ ተክል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ጥሩነቱ የአንድ ተክል ብዙ ፎቶ አስገብታችሁ ይሄ አበባ ነው፣ ይሄ ቅጠል ነው፣ ይሄ ፍሬ ነው ብላችሁ ለይታችሁ መስጠት ትችላላችሁ፣ እኔ ያቺን የጀርባና የቅጠል ነገር ከሱ ነው በደንብ የተማርኩት፣ መጀመሪያ እሱን አውርጄ ቢሆን ኖሮ 140 ፎቶ ባልከሰርኩ። ሁሉም ግን ይሳሳታሉ፣ በተለይ በሙሉ ድፍረት ይሳሳታሉ። ነጭ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ አበባ ያላቸው ተክሎች ላይ የሚበላና የሚገድል ጎን ለጎን ነው ያለው፣ ሶቅራጥስን የገደለው ሄምሎክ ከነዚህ አንዱ ነው፣ ስለዚህ አፕ አይታችሁ ምንም ነገር አፋችሁ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ስም ለማወቅ ብቻ።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴን ልክሰስ። የመጀመሪያው ቀን እምብርት ፍለጋ ከመንገዱ ወጥቼ ስንበረከክ የተቀመጥኩበትን አላየሁም ነበር። ከፍታ ላይ እንደ ትራስ መሬት ላይ የተለጠፉት ተክሎች በጣም በዝግታ ነው የሚያድጉት፣ ሳይሊን አኮሊስ የምትባለው ከ300 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፣ እና እኔ በጉልበቴ! አሁን እግሬ መንገዱ ላይ ካልሆነ ወይም ባዶ ድንጋይ ላይ ካልቆምኩ አላነሳም፣ ክንዴ የማይደርስበት አበባ ይለፈኝ።

ሌላ የምታነጻጽሩት ነገር ከፈለጋችሁ፣ ጓደኛዬ ባለፈው የእጅ ሉፕ አመጣ፣ ያ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ተጣጣፊ ማጉያ፣ እሱም 10ኤክስ። በዓይን ለማየት ከሌንሱ በጣም ይበልጣል፣ ባትሪ አይፈልግ ስክሪን አይፈልግ። ከዛ ለሳቅ ብሎ በጣቱ ስልኩ ካሜራ ፊት ይዞ አነሳበት፣ ፎቶው ከኔ ብዙም አያንስም። ዝም አልኩ። ሉፕ ያለው ሰው ክሊፑን ባይገዛም ይችላል ማለቴ ነው፣ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ግን ነፋስ ላይ አበባውን የሚይዝላችሁ ሰው አብሯችሁ ይኑር።

መስታወቱ አምስት፣ ክሊፑ ሁለት፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዜሮ፣ በአጠቃላይ አራት ኮከብ። ያቺ ቢጫ አበባ እስከ ዛሬ «የሱፍ አበባ ቤተሰብ» እንደተባለች ነው አካውንቴ ላይ ያለችው። ባለፈው ወቅት ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ አበባዋ ረግፎ ዘሩ በነፋስ ሄዷል፣ የቀረችውን አገዳ ከነቅጠሏ አነሳኋት። ጀርባዋን ለማንሳት ደግሞ በሚቀጥለው ወቅት በጊዜ እወጣለሁ።